ከድልድዩ እስከ ቤታችን

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዛሬም ባለቤቴን ብርቄን በወንበር ተሸክመው አወጧት። ለአራት። ባጃጁ ከድልድዩ አያልፍም፤ ከዚያ እስከ ቤታችን ያለው ዳገት ድንጋይና ጭቃ ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አናጢው ታሪኩ ነው፣ የሦስት ልጆች አባት። ሌሎቹም የሰፈራችን ጎልማሶች ናቸው። አራቱንም ፊደል ያስቆጠረቻቸው ብርቄ ናት። ወንበሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነበር፣ የተኛች አስመስላ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ፤ ስትተኛና ስታስመስል ለይቼ አውቃለሁ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ኢክራም ስላዘዘችኝ ነው። ኢክራም የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ የጅማ ልጅ፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇም አብሯት የሚናገር። «ጋሼ፣ በየቀኑ ክብደታቸውን፣ በስንት ትራስ እንደተኙ፣ የእግራቸውን እብጠት፣ ምን ያህል እንደሄዱ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ሌላ ነገር ጻፍ አላለችኝም። እጄ አላቆም ብሎኝ ነው።

ክብደት፦ 61። ትራስ፦ አራት። እግር፦ ቁርጭምጭሚቷ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የሄደችው፦ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ።

ሐኪሙ የልብ ድካም ነው ካለን ሰባት ወር ሆነ። ኪኒኗን አንድም ቀን አላቋረጠችም። ሳንባዋ ላይ የነበረው ውሃ ወጥቷል ይላሉ። ግን አሥር እርምጃ ስትሄድ ትንፋሿ ይቆረጣል። ትንፋሿ ሲቆረጥ ትቀመጣለች። ስትቀመጥ ደግሞ ጉልበቷ ይከዳታል፤ የምትተነፍስበት ጡንቻ ሳይቀር። ኢክራም ይህን ስታስረዳን ጣቷን በአየር ላይ ታዞር ነበር። «ይሄንን ዙር አንድ ቦታ ላይ መበጠስ አለብን» አለች።

የምትበጥስበት ማሽን ከጫማ ካርቶን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቱቦ አለው፤ ቱቦው ጫፍ ላይ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጭምብል። እኔ ኦክስጅን መስሎኝ ነበር። አይደለም። የክፍሉን አየር ገፋ አድርጎ ያስገባል፤ ሳንባው እንዳይጨማደድ ከውስጥ ደግፎ ይይዘዋል፤ ልብም ሥራው ይቀልለታል። ግማሽ ሰዓት ይደረጋል፣ ይወልቃል፣ ከዚያ በእግር ይኬዳል። «ልብዎን አያድንም፤ መድኃኒትዎም ይቀጥላል። ለመሄድ ግን ያግዝዎታል» አለቻት። እንዲህ ቁርጡን የሚናገር ሰው ደስ ይለኛል።

ዛሬ ለመልመጃ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ሲወልቅላት ብርቄ ምን አለች፦ «በድሮው የጭነት መኪናህ መስኮት አንገቴን ያወጣሁ መሰለኝ።»

ሳምሪ ከጅማ ደወለች። ያለችን ልጅ እሷ ናት። እናቷን ወስዳ እሷ ዘንድ ልታስቀምጣት ትፈልጋለች። ቤቷ ደልዳላ ቦታ ላይ ነው፣ ደጃፏ አስፋልት ነው፣ የልብ ሐኪምም ቅርብ ነው። ብርቄ ተኝታ ስለነበር ወጥቼ አነጋገርኳት። አልወሰንኩም አልኳት። እስከ ዓርብ ወስንልኝ አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ግማሽ ሰዓቱን ሙሉውን ቻለችው።

ቁጭ ብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፈተና እንደሚፈትን ሰው ሰዓቱን እያየች። ጣቷን የምትቆነጥጥ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ነበረች፤ ኢክራም በየጊዜው ታያታለች። እኔ ደግሞ በየደቂቃው «ደከመሽ? ይበቃሽ ይሆን?» እላለሁ። ጭምብሉን ስላደረገች መልስ መስጠት አትችልም። በዓይኗ ግን መለሰችልኝ፤ ዝም በል ነው የሚለው።

ከዚያ ኮሪደሩ። ወለሉ ላይ ሁለት ቦታ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ከአንዱ ሌላው ጋ ደርሶ መመለስ አንድ ዙር ነው። ስድስት ደቂቃ። ባለፈው ሳምንት ያለ ማሽኑ ሞክራ ሁለት ዙር ሳትሞላ ግድግዳ ይዛ ነበር። ዛሬ አራት ዙር። አንዴ ብቻ ቆመች።

ኢክራም እንዲህ አለቻት፦ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ልኩ ነው፤ ቃል መሀል ላይ ከተቆረጠብዎ ይቁሙ፤ በአፍንጫዎ ያስገቡ፣ በከንፈርዎ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ አድርገው ያውጡ። ብርቄ ምን እያልኩ ልሂድ ብላ ጠየቀች። የፈለጉትን አለቻት። እሷም ጀመረች፦ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ ከጨረሰች ትቀጥላለች። ሃ ወይ ሄ ላይ ከተያዘች ትቆማለች። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች መጀመሪያ ተገረሙ፣ በኋላ ዝም ብለው ያዳምጡ ጀመር። አራተኛው ዙር ላይ መ ደርሳለች።

«ድካምዎ ከአሥር ስንት ነው?» አለቻት ኢክራም።

ብርቄ አሰበች። «ስድስት» አለች። ከዚያ ደግሞ፦ «አምስት ተኩል። ለጥረቱ ግማሽ ቀንሼለታለሁ።»

ዳገቱ ላይ ያው ወንበሩ። ግን ዓይኗን አልጨፈነችም።

ክብደት 61። ትራስ አራት።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

መብራት ጠፋ። እኔ አጠገቧ አልነበርኩም።

የሆነውን እንዳለ ልጻፈው። ጭምብሉን ካደረገች ሩብ ሰዓት ሲሆናት ስልኬ ጠራ። ሳምሪ ናት። ውጭ ወጣሁ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ዛፍ ሥር ሆኜ አነጋገርኳት። «አባዬ፣ ምን ወሰንክ? ልምጣ?» አለችኝ። ነይ አልኳት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ነይና ውሰጃት አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ኮሪደሩ ጨልሟል።

ገብቼ ሳይ ጭምብሉ መሬት ላይ ወድቋል። ብርቄ የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ይዛለች፤ ሰውነቷ በሙሉ ላብ ነው። ኢክራም ከጎኗ ተቀምጣ ጀርባዋን እየደገፈች «በከንፈርዎ፣ በከንፈርዎ ያውጡ» ትላለች። ማሽኑ ሲቆም እስክታወልቅላት አሥር ሴኮንድ ቢሆን ነው አለችኝ፤ ሌላ በሽተኛ ጋ ስለነበረች። ጭምብሉ ራሱ ቀዳዳ አለው፣ አያፍንም አለች። እኔ አመንኳት። ብርቄ ግን ያን አሥር ሴኮንድ ውስጥ ነበረች፤ እኔ ውጭ ነበርኩ።

ጄኔሬተሩ ቆይቶ ተነሳ። ብርቄ ጭምብሉን አየችው፣ ከዚያ ነጠላዋን ለበሰች። ወደ ቤት አለች። 

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ክብደት 61። ትራስ አምስት። የሄደችው ምንም።

አታናግረኝም። ተቆጥታ ሳይሆን ደክሟት ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ።

ጎረቤታችን ማርታ ጎደሬ ቀቅላ አመጣች፣ ያለ ጨው። ማርታ የቤንች ተወላጅ ናት፤ ሦስት ልጆቿ ብርቄ ጋ ተምረዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡና ለቀማው፣ ስለ ምኑም ስለ ምኑም አወራች። ብርቄ ፈገግ አለችላት። ለእኔ አይደለም። ማርታ ስትወጣ በር ላይ «ጋሽ ጌታሁን፣ እትዬ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። መብራት ጠፍቶ ደነገጠች አልኳት። እውነት ነው። ግማሽ እውነት።

ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። አጠገቧ ተቀምጬ ጥንት ያገኘኋትን ቀን አሰብኩ። የቡና እርሻው የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ከቴፒ ሚዛን እመላለሳለሁ። ሸኮ አካባቢ ጫካው መሀል አንዲት አስተማሪ ደብተር በፌስታል አንጠልጥላ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃው ውስጥ ትሄዳለች። መኪናውን አቁሜ «ላድርስሽ» አልኳት። «እግር አለኝ» አለችኝ። በአንደኛ ማርሽ ከኋላዋ አዘገምኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል። ዝናቡ ሲበረታባት ነው የገባችው፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ መስኮቱን ክፈት አለች።

ያቺን ሴት ነው ሳልጠይቃት ለልጄ ውሰጃት ያልኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ነገርኳት።

ጠዋት ነው። ሻይዋን ይዤላት ገባሁና ቆሜ ነገርኳት፤ ብቀመጥ ይከብደኝ ነበር። ዓርብ መብራቱ ሲጠፋ የት እንደነበርኩ፣ ከማን ጋር እንደማወራ፣ ምን እንዳልኩ። ሻይዋን አላነሳችውም። 

«ጠራሁህ» አለች። «ጭምብሉ ውስጥ ሆኜ ጠራሁህ። ድምፄ ወደ ራሴ ተመለሰ። አንተ ደግሞ እኔን እያስረከብክ ነበር።»

 ፈርቼ ነው አልኳት። ሌሊት ትንፋሽሽን ስሰማ አድራለሁ፤ ሲዘገይ እነሳለሁ፤ አንድ ቀን ብቻዬን እያለሁ የሆነ ነገር ብትሆኚ ያ ወንበር እስኪመጣ ምን አደርጋለሁ አልኳት። እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር። 

እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። እጇን ዘረጋችልኝ። ተቀመጥኩ።

«እኔም እፈራለሁ» አለች። «የምፈራው ግን ሌላ ነው። ጅማ ሄጄ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ልጄ ከሥራ እስክትመጣ በር በር ሳይ መዋሌን ነው። እዚህም ያው ነው የምሆነው ካልሄድኩ። ስለዚህ ነገ እሄዳለሁ። ማሽኑን አደርጋለሁ። አንተ ግን ከአጠገቤ ንቅንቅ አትል። ስልኩን እቤት ትተወዋለህ።»

ሳምሪስ? አልኳት። ትምጣ አለች፤ ልጄ ናፍቃኛለች። የምለውን ግን ስትመጣ ራሴ እነግራታለሁ።

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ሌላ አፈላሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኢክራም በር ላይ ስታያት ፊቷ በራ። ብርቄ ግን ከመቀመጧ በፊት አንድ ነገር ጠየቀች፦ «ይሄን ነገር ራሴ እንዴት ነው የማወልቀው?»

ቀላል ነው። በጉንጭ በኩል መቆለፊያ አለ፤ በአንድ እጅ ወደ ጎን ሳብ ሲያደርጉት ይለቃል። ኢክራም አሳየቻት። ከዚያ ብርቄ አደረገችው፣ አወለቀችው፣ አደረገችው፣ አወለቀችው። ዓይኗን ጨፍና አወለቀችው። በግራ እጇ አወለቀችው። ስድስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። «ዓርብ ይሄን ቀድሜ ላሳይዎት ይገባኝ ነበር» አለች ኢክራም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ብርቄ ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻትና አለፈ።

ግማሽ ሰዓት። እጇ እጄ ውስጥ ነበር። አሥረኛው ደቂቃ ላይ መብራቱ ብልጭ ሲል ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገባ፤ ጭምብሉን ግን አልነካችውም። መብራቱም አልጠፋም።

ኮሪደሩ ላይ አምስት ዙር። ሦስተኛው ላይ «ተይ፣ ቀስ፣ ይበቃሻል» ስል ኢክራም ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሳቸውን የሚያደክሟቸው እርስዎ ነዎት» አለችኝ። «ተይ ባሏቸው ቁጥር ይቆማሉ። መቆም ያለባቸው መቼ እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ፊደላቸው ይነግራቸዋል።»

አፈርኩ። ልክ ናት። ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ ሰው ሌላ ሲነዳ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም።

ክብደት 61። ትራስ አራት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከድልድዩ እስከ ማርታ አጥር በእግሯ ወጣች። የዳገቱ ሲሶ ነው። በአምስት ወር የመጀመሪያዋ።

ታሪኩና ሦስቱ ወንበሩን ይዘው ቆመው ነበር። ቆዩኝ አለቻቸው። ሀ ሁ ሂ ብላ ጀመረች፤ በአንድ እጇ ከዘራዬን ይዛ። ለ ላይ ቆመች፣ ሻይ አበረደች፣ ቀጠለች። ማርታ አጥር ጋ ስትደርስ «አሁን ተሸከሙኝ» አለች፤ አለቃ እንደሚያዝ። ታሪኩ እየሳቀ አጎንብሶ ወንበሩን አቀረበላት።

እኔ አንድ ጊዜ ብቻ «ተይ» ብያለሁ። በሆዴ ያልኩት አይቆጠርም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ትናንት አልጻፍኩም፤ ክፉ ቀን ነበር። ዛሬ ሁለቱንም።

ረቡዕ ጠዋት ክብደቷ 62 ከግማሽ። ዛሬ 63። ትራስ አምስት። እግሯ እስከ ቅልጥሟ አብጧል። ጫማዋ እምቢ አለ። ዛሬ ሆስፒታል ስንደርስ ኢክራም ጭምብሉን አላደረገችላትም፤ ቀጥታ ወደ ሐኪሙ ወሰደችን። ሐኪሙ አዳመጣት፣ ውሃ የሚያስወጣውን ኪኒን ለሦስት ቀን ጨመረላት። ጨው በላች ወይ አለኝ። በፍጹም አልኩ። እኔ ነኝ የምሠራላት፤ የጨዉን ዕቃ ከጓዳ ካወጣሁት ቆይቷል።

ኢክራም ግን አልለቀቀችኝም። ከማክሰኞ ጀምሮ ምን ምን እንደበላች አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። ጎደሬ። ሙዝ። ዳቦ። ሽሮ። ሽሮውን ማን አዘጋጀው? ከሱቅ ነው፤ የቤቱ ስላለቀ። ምጥን ነው? ምጥን ነው። 

ለካ ምጥኑ ውስጥ ጨው ነበረበት። ቅንጣት ጨው ሳልጨምር ለሁለት ቀን ጨው አበላኋት።

ባጃጁ ውስጥ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ተቀመጥኩ። ብርቄ ናት ያናገረችኝ። «ጌታሁን፣ ጣፍጦኝ ነበር» አለች። «ምግብ ቻለበት ብዬ ነበር እኮ።» ሳቅኩ። ሳልፈልግ ሳቅኩ።

ዛሬ ዳገቱን ሙሉውን በወንበር። 

ሳምሪ ከነገ ወዲያ ትመጣለች። የእናቷን እግር እንዲህ ሆኖ ካየችው ነገሩ ያለቀ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ክብደት 62 ከሩብ። ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስ አደረች፤ ኪኒኑ ሥራውን ይሠራል። ትራስ አራት።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚያቃጥልበት ቀን። እኔ ረስቼው ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት ከታች ከከተማው በኩል ጭስ መነሳት ጀምሯል።  ይህን ጭስ ከሳበች ሌላ ሳምንት ጠፋ ማለት ነው። መስኮቶቹን ዘጋሁ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ደፈንኩ፣ ከዚያ ማርታ ጋ ልሮጥ ወጣሁ።

ማርታ መንገድ ላይ ናት። ቀድማኛለች። እሷ ይህን በዓል አታከብርም፤ ጴንጤ ናት። ግን በየቤቱ እየዞረች «ቲቸር ብርቄ ታመዋል፤ እዚህ አይቃጠልም» ትላለች። ታሪኩ የእጅ ጋሪ አምጥቷል። እኛ ዳገት ላይ ያለውን የእያንዳንዱን ቤት ቆሻሻ፣ የሙዝ ቅጠል፣ የቡና ገለባ፣ ያረጀ ጫማ ሳይቀር ጫነና ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ባዶ ሜዳ ወሰደው። ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ነፋሱ ወደዚያ ስለነበር ጭሱ ወደ ወንዙ ሄደ።

ከእኛ ቤት ጀምሮ እስከ ድልድዩ አንድም እሳት አልነደደም። ብርቄ በመስኮቱ ታያለች። ከሩቅ የታቦቱ እልልታ ይሰማል። «ማን አዘዛቸው?» አለችኝ። ማንም አልኳት። መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገችው፤ መስታወቱ ግን ንጹሕ ነበር።

በከተማው ጭስ ምክንያት ዛሬ ሆስፒታል አልሄድንም። ለኢክራም ስደውልላት ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ፣ ኑ አለች። ክብደቷ እንዲህ ከወረደ ሐኪሙ ያያታል፣ ከፈቀደ ማሽኑን እናደርጋለን አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ክብደት 61 ከግማሽ። እግሯ ጫማ ገባለት።

ከየት ልጀምር። ሐኪሙ አዳመጣት፤ ሳንባዋ ንጹሕ ነው፣ ቀስ ብላ ትሂድ አለ። ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ማሽኑ። ዛሬ ኮሪደሩን አታስሂጂኝ አለቻት ብርቄ፤ የምወጣው ዳገት አለኝ። ኢክራም ብዙ አሰበች። ከዚያ ጣቷን እያወዛወዘች ሕጉን ነገረቻት፦ ደረትዎን ካመመዎ፣ ከዞረብዎ፣ ወይ ፊደሉ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ከተቆረጠ፣ ያበቃል፤ ይሸከሙዎታል፤ ክርክር የለም። ብርቄ እሺ አለች። ጣት የምትቆነጥጠዋን መለኪያ ኢክራም ለእኔ አዋሰችኝ።

ሳምሪን መናኸሪያ ተቀበልናት። አውቶቡሱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባ። እናቷን ባጃጅ ውስጥ ስታያት እዚያው ቆማ ቀረች፤ ቤት ተኝታ የምታገኛት መስሏት ነበር። ተሳሳሙ። ብዙ ጊዜ ተቃቀፉ። እኔን ስትስመኝ በጆሮዬ «አባዬ፣ ልብስ አዘጋጀህላት?» አለችኝ። እናትሽን ጠይቂ አልኳት።

ድልድዩ ጋ አራቱ ወንበሩን ይዘው ቆመዋል። ብርቄ ከባጃጁ ወረደች። «ወንበሩን ባዶውን ይዛችሁ ከኋላዬ ኑ» አለቻቸው። «ሲደክመኝ እቀመጥበታለሁ። ሲያልፍልኝ እነሳለሁ።»

ይህን ማናችንም አላሰብነውም ነበር።

ወጣች። እኔ ጎኗ፣ ሳምሪ ወዲያ፣ አራቱ ወንበሩን ይዘው ከኋላ። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። የማርታ አጥር ጋ ተቀመጠች፤ ተነሳች። ድንጋዩ በዝቶ መንገዱ የሚጠብበት ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሳች። ከኋላ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አብሯት ይቆጥራል፤ ዞር ስል ታሪኩ ነው፤ እንዳየሁት ሲያውቅ አንገቱን ደፋ። ሦስተኛ ጊዜ ስትቀመጥ ፊቷ አመድ መሰለኝ። መለኪያዋን ጣቷ ላይ አደረግኩ፤ ቁጥሩ ኢክራም ከዚህ አይውረድ ካለችው በላይ ነው። ሳምሪ ታለቅሳለች። «እማዬ፣ በቃ፣ ይሸከሙሽ» አለች። እኔም «ተይ ይበቃሻል» አልኩ፤ አመለጠኝ። ብርቄ አንድ ጣቷን አነሳች። ልጆች ሲንጫጩ የምታነሳት ጣት።  ስድስት ሰው መሀል ዳገት ላይ ቆመን የአንዲት ሴት ትንፋሽ አዳመጥን።

ተነሳች።

አምስት ጊዜ ተቀምጣ፣ በእግሯ ደረሰች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን በከንፈሯ ስታወጣ ቆየች። መጀመሪያ ያለችው፦ «ከአሥር ስምንት።» አልቀነሰችም። ያስፈራኛል ስምንት። ለኢክራም ደወልኩ፤ ይረፉ፣ ዛሬ ሌላ ነገር የለም፣ ጎበዝ ናቸው አለች።

ሳምሪ ለነቢያት ጾም ቅበላ ብላ ዶሮ ሠራች፤ በሁለት ድስት፣ አንዱ ያለ ጨው። እየበላን እናቷን ጠየቀቻት፦ እንዲህ መሄድ እንደጀመርሽ ለምን አልነገርሽኝም? ብርቄ ረጋ ብላ መለሰችላት። «አልጠየቅሽኝማ። የጠየቅሽው አባትሽን ነው።» ሳምሪ አቀረቀረች። እኔም ሳህኔን አየሁ።

ከዚያ ብርቄ የምትፈልገውን ተናገረች። ኢክራም የጀመረችላትን እስከ ጥምቀት ትጨርሳለች። ከጥምቀት በኋላ ሁለታችንም ጅማ እንሄዳለን፤ የልብ ሐኪሙ ያያታል፤ ልጃችን ጋ ሰንብተን እንመለሳለን። ሁለታችንም አለች፤ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ።

«ከባሰብሽስ?» አለች ሳምሪ።

«ከባሰብኝ እደውልልሻለሁ። እኔ ራሴ።»

ሳምሪ ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ልጅ ናት፤ አይፈረድባትም። ግን የእናቷን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ እያሸች እሺ አለች።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ክብደት 61 ከግማሽ። ትራስ ሦስት። ግራ ቁርጭምጭሚቷ ዛሬም ትንሽ ይሰረጉዳል። ነገ ለሐኪሙ እናገራለሁ።

ሳምሪ ጎህ ሲቀድ ሄደች። ታሪኩ ሻንጣዋን ይዞላት ወረደ። ብርቄ እስከ አጥሩ ሸኘቻት፤ እስከ አጥሩ ብቻ። ከትናንቱ በኋላ ሰውነቷ እንደ ተወቀጠ ነው የምትለው። ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነበር ማለት ይቻላል። ብዙ ነገር አላውቅም። ኢክራምም አታውቅም፤ አንዳንዱ ላይ በደንብ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ ብዙም አይደለም፣ በየሳምንቱ እናያለን ነው ያለችኝ። ማሽኑ አንድ ነው፤ ተጠቃሚው ብዙ ነው። መብራቱም ያው መብራት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ሳይታሰብ ዝናብ መጣ። ጓሮ የማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣ ቡና አለን፤ ሳምንቱን ሙሉ ማርታ ናት ያስለቀመችልን። ሸራውን ይዤ ሮጥኩ። ሸራው ሰፊ ነው፣ ለአንድ ሰው አይመችም፤ ነፋሱ አንዱን ጫፍ እየነጠቀ ያርገበግብብኛል። ስጎትተው በድንገት ተወጠረልኝ። ቀና ስል ብርቄ ከወዲያኛው ጫፍ ይዛዋለች። በነጠላ ጫማ፣ በቤት ቀሚስ፣ ዝናቡ ፀጉሯ ላይ።

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

አብረን ሸፈንነው። በእኔ በኩል ድንጋይ ጫንኩበት፤ በእሷም በኩል ዞሬ ጫንኩ። ከዚያ ጣሪያው ሥር ገብተን ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ትንፋሿ አጥሮ ነበር። በአፍንጫዋ አስገባች፣ በከንፈሯ አወጣች። እስኪመለስ አብሬያት ቆምኩ።

ዝናቡ ሳያባራ ትንፋሿ ተመለሰ።